ሲሞላ የሚከፈት ታንከር

ንግግሩ የቆየ ነው፤ መጀመሪያው ከናካቴው ጠፍቶብኛል። ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ተራዬን ስጠብቅ የሐኪሟ ክፍል ግድግዳ ስስ ስለነበር ሁሉም ነገር ይሰማ ነበር። ውስጥ ያሉት አንድ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ሚስቱና አብረዋቸው የሚኖሩት እናቱ ናቸው። ከተጋቡ ዓመታት ቢያልፉም ልጅ አልመጣም።

«ዶክተር፣ ሁለታችንም ጤነኞች ናችሁ ተብለናል» አለች ሚስት። «ግን ያቺ እንቁላል የሚወጣበትን ቀን የምትጠቁመው የሽንት መመርመሪያ ሁለት መስመር ባሳየች ቁጥር እሱ መፍቻውን ሸክፎ ሌላ ከተማ ሥራ ይሄዳል።»

«ታዲያ ሆርሞኗ ሞላ ማለት አበቃ ማለት አይደል?» አለ ባል። « ታንከር ሲሞላ ኳሱ ይንሳፈፍና ውሃውን ይዘጋዋል። የተዘጋ ቧንቧ ሥር ባልዲ ይዤ ልቁም?»

«አፍህን ሰብስብ!» አሉ እናቱ።

ሐኪሟ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ላይስ ነገሩ አንተ እንዳልከው ነው። እንቁላሉ ያለበት ከረጢት ኤስትሮጅን ያመነጫል፤ ትንሽ ሲሆን አንጎልን ‹ቆይ፣ አትቸኩል› ይለዋል። በደንብ ጨምሮ ጥቂት ሲቆይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያው ኤስትሮጅን ‹በል አሁን ልቀቅ!› ይለዋል። ያኔ አንጎል ሥር ካለችው እጢ ሌላ ሆርሞን ይጎርፋል። መመርመሪያዋ የምታሳየው እሱን ነው። እንቁላሉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቤትህ መገኘት ያለብህም በእነዚያ ቀናት ነው።»

«ሲሞላ የሚከፈት?»

«አዎ።»

«እኔ እንዲህ አድርጌ ብገጥም የቤቱ ባለቤት ከነመሰላሌ ያባርረኝ ነበር! ማነው የገጠመው?»

«እግዚአብሔር ነዋ! ከሱም ጋር ልትከራከር ነው?» አሉ እናቱ። እኔም ከግድግዳው ማዶ ቀስ ብዬ አሜን አልኩ።

ሚስት ግን አልሳቀችም። «እኔ ደክሞኛል። በሚቀጥለው ወር መስመሩን አይተህ ከወጣህ፣ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወንድሜ ቤት እገባለሁ። አልመለስም።»



«እዚያ ከተማ የአንድ ሆቴል ታንከር ልሰቅል ቃል ገብቼ ነበር እኮ» አለ ባል በቀጭን ድምፅ።

«ሆቴሉ ይጠማ!» አሉ እናቱ።

«እሺ። ደውዬ አልመጣም እላለሁ፤ ቤቴ እቀመጣለሁ። ግን እማዬ፣ አንቺ እነዚያን ቀናት እህቴ ጋ ትሄጃለሽ።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?»

«ሳታንኳኪ ትገቢያለሽ።»

«በገዛ ልጄ ቤት ላንኳኳ?»

«እማማ» አለች ምራቲቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ እያፈናት፣ «ስለ ልጅ ልጅዎ ብለው።»

እናቱ ብዙ አጉረመረሙ፤ የሴት ልጃቸው ፍራሽ ወገባቸውን እንደሚያሳምማቸው፣ አማቻቸውም እንደሚያንኮራፋ በዝርዝር ተናገሩ። በመጨረሻ «እሺ፣ እሄዳለሁ» አሉ።