ውሃው በየት በኩል ነው?

ዓምሃ ጃፓንን በጣቱ አዳርሷታል። ጉለሌ፣ ከጳውሎስ ከፍ ብሎ ያለው ቤቱ በረንዳ ላይ ይቀመጥና፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ፣ የስልኩን ካርታ እየለጠጠና እየሰበሰበ ከአንዱ ግድብ ወደ ሌላው ይነዳል። ዳገት ላይ ሲደርስ ቀኝ እጁ ሳይታወቀው ማርሽ ይቀይራል። ልጁ ሮሐ ለትምህርት ጃፓን ሄዳ እዚያው ሥራ ይዛ ቀርታለች። «በጥቅምት ፈቃድ ወስጄ መኪና እከራያለሁ፤ እናንተ መምጣት ብቻ ነው። የት የት እንደምንሄድ አባዬ ይወስን» ካለች ወዲህ ሌላ ሥራ የለውም። ሌላ አባት ቢሆን አበባ ወይ ፈጣን ባቡር አሳዩኝ ይል ነበር። እሱ ግድብ አለ።

አይፈረድበትም። ከሃያ ዓመት በላይ የግድብ ሥራ ላይ ገልባጭ መኪና የነዳ ሰው ነው። ዕድሜውን ድንጋይ ጭኖ ሲወጣ፣ አፈር ጭኖ ሲወርድ ነው የጨረሰው። ጃፓኖች ደግሞ በግድብ አይታሙም። ተራራውን ዞሮ የሚወጣ ያማረ መንገድ አላቸው፤ ለሚጎበኝ ሰውም የግድቡ ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ በነጻ ይሰጡታል። ዓምሃ ይህን ከሮሐ የሰማ ዕለት ለሚስቱ ሳይነግር ምሳ አልወርድ አለው።

«ካርድ ምን ያደርግልኛል?» አለች ሙሉ፣ ምስር ከምትለቅምበት ሰፌድ ቀና ሳትል። «የቀበሌ መታወቂያ እንደሆነ አለኝ።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሙሉ አልሄድም ብላለች። መጀመሪያ ጉልበቴን አለች። ሐኪም አሳየላት። ቀጥሎ ጥቅምት ጽጌ ጾም ነው፣ ሰው አገር ምን እቀምሳለሁ አለች። ሮሐ በስልክ ሽሮ እንደማታሳጣት ማለችላት። ከዚያ የማርያም ማኅበር ተራዬ ነው አለች፤ ዓምሃ ሄዶ ከጎረቤታቸው ከመሰለች ጋር ተራውን አለዋወጠላት። ምክንያቱ ሁሉ ሲያልቅባት እውነቱን አወጣችው።

«ስማኝ ዓምሃ። ግድብ ጣውንቴ ነው። ወጣትነትህን እሱ በላና ለእኔ ጡረታህን ላከልኝ። አሁን ደግሞ ባሕር ተሻግሬ የጣውንቴን ዘመዶች ልጠይቅ?»

ዓምሃ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ለቪዛው ማክሰኞ ኤምባሲ ቀጠሮ አላቸው፤ ሁለቱም መቅረብ አለባቸው። ጃፓን ብቻውን መሄድ ይችል ነበር፤ አልፈለገም። አንድ የሚፈራው ነገር አለ። ጡረታ ወጥቶ ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ ወደ ቤቱ የተመለሰ መስሎት ነበር። ቤቱ ግን ያለ እሱ መኖር የለመደ ቤት ነው። የሙሉ ጸሎት፣ ሬዲዮዋ፣ ከሰዓት በኋላ ከመሰለች ጋር የምትጫወትበት ጊዜ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ጠበቀው፤ ለእሱ የተረፈው በረንዳው ነው። ክፉ ቃል አይነጋገሩም። «ምሳ ቀርቧል።» «እሺ።» «በሩን ገርበብ አድርገው።» «እሺ።» ተከራይና አከራይ እንኳን ከዚህ ይሻላሉ። ዓምሃ ሚስቱን እንደማያውቃት ያወቀው ጸጉሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ አሁን ካልቀረባት ደግሞ እንዲሁ ጎን ለጎን አርጅተው፣ አንዳቸው ሌላውን ቀብረው እንደሚያበቁ ይታየዋል።

ስለዚህ ለማንም ሳይናገር አንድ ዘዴ ቀየሰ። ሮሐ ትነዳለች፤ ሙሉ ጋቢና ትቀመጣለች፤ ጋቢና በቀኝ ነው። እንግዲያው የሚሄዱበት መንገድ ሁሉ ውሃውን በቀኝ መያዝ አለበት። ለሙሉ በመስኮቷ ሙሉውን ሐይቅ ሊሰጣት ነው። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው አቋራጭ መንገድ እያለ፣ ውሃው በግራ የሚውል ከሆነ ትቶት ግማሽ ቀን የሚያዞረውን ይመርጣል። ኩሮቤ የሚባለው ታላቁ ግድብ የግል መኪና አያስደርስም፤ መኪናን አቁሞ በዋሻ ውስጥ በአውቶብስ መግባት ነው። እዚያም ቢሆን «በመስኮቱ በኩል ትቀመጥ» ብሎ ወሰነላት። ዋሻ ውስጥ በመስኮት ምን እንደሚታይ እሱ ይወቅ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉዲናን ጠራው። ጉዲና የጎረቤት ልጅ ነው፤ በቪትዝ መኪናው ታክሲ ይሠራል። ዓምሃ አስቀድሞ በሹክሹክታ አስረድቶታል፤ ገፈርሳን ደርሶ መመለስ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ስለሆነ ግድቡ ሞልቷል፤ ሙሉ ቅርብ ያለውን ካየች ለሩቁ ልቧ ይከፈት ይሆናል። ለሙሉ ግን የነገሯት ሌላ ነው፦ ቡራዩ ለዘመን መለወጫ ጥሩ ቅቤ ገብቷል።

«እትዬ ሙሉ፣ ጋቢና ይግቡ» አለ ጉዲና በሩን ከፍቶ።

«እሱ ይግባ እንጂ! ምን ሆኛለሁና?»

«ግቢ ግቢ» አለ ዓምሃ፤ ራሱ ከኋላ ተጣጥፎ ገባ።

ሸጎሌ ላይ በጎች መንገዱን ሞልተውት ትንሽ ቆሙ። በዓሉ ስለደረሰ ነጋዴው ከነመንጋው አስፋልት ላይ ነው የሚውለው። በአስኮ አድርገው ቡራዩን አለፉ፤ ሙሉ ቅቤ ተራውን በዓይኗ ብትፈልግም ዓምሃ «ስንመለስ፣ ስንመለስ» አላት። ጥቂት እንደሄዱ ውሃው ብቅ አለ። ሰማዩ ተከፍቶ ነበርና ሰፊ ሆኖ፣ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ዓምሃ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገቱን አሰገገ።

«አየሽ ሙሉ? በቀኝሽ ነው!»

«አየሁ።»

«ጃፓንም እንዲሁ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ውሃው በቀኝሽ ይውላል። አንገትሽን እንኳን አታዞሪም። መንገዱን ሁሉ ለዚህ ብዬ ነው የመረጥኩት።»

ሙሉ ዞር ብላ አየችው። ጉዲና ዳር ለመያዝ ፍሬቻ አበራ፤ የፍሬቻው ዘንግ ከመሪው በስተቀኝ ነው። እጁ እዚያው እንዳለ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ጃፓን መሪው በቀኝ አይደል እንዴ?»

«እ?»

«ማለቴ፣ ይቺ ቪትዝ ራሷ ከዚያ መጥታ አይደል መሪዋ የተዛወረው? ስገዛት ዳሽቦርዷን አንኳኩተው ‹ተዛውሯል፣ ዋጋ ቀንስ› ያሉልኝ እርስዎ ነዎት እኮ።»

ዓምሃ የጉዲናን መሪ አፍጥጦ አየ። ዕድሜ ልኩን መሪ የጨበጠ ሰው! በአዲስ አበባ ጎዳና የሚርመሰመሰው ትንሽ መኪና ሁሉ መሪው ከየት ወዴት እንደዞረ ለአላፊ አግዳሚው የሚያስረዳ ሰው! ጃፓኖች በግራ ነው የሚነዱት፤ ጋቢናውም በግራ ነው። ወራት የደከመበት መንገድ በሙሉ ሚስቱን የድንጋይ ግድግዳ ሲያሳያት ሊውል ነው።

ሙሉ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ ለቀቀችው። ዓምሃ እንዲህ ስትስቅ ከሰማት ስንት ዘመኑ!

«ገደል ሊያስጎበኘኝ!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ያንን ሁሉ አገር ተሻግሬ፣ ገደል!»

ሳቋ አልከፋውም። የከፋው ሌላ ነው። ሊሰጣት የነበረው ነገር ያ ብቻ ነበር፤ እሱም ተበላሸ።

ወረዱ። ግድቡ ላይ መውጣት እንደማይፈቀድ ዘበኛው ከሩቅ በእጁ ስላሳያቸው መንገዱ ዳር ቆሙ። ጉዲና ባመጣው ጣጣ ሳያፍር አልቀረም፤ መድኃኒትም ፈለገለት።

«ጋሼ፣ ገልብጠው ይሂዱበት። ከመጨረሻው ግድብ ቢጀምሩ ውሃው በግራ ይሆናል። በቃ፣ ያው መንገድ ነው።»

ዓምሃ ፊቱ በራ። እንዴት ለእሱ አልታየውም? ስልኩን አወጣ፣ መነጽሩን ፈለገ። ጉዲና በቆሎ እሸት ወደምትጠብሰው ሴትዮ አቀና፤ ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«አየሽ፣ ከዚህ ጫፍ ብንጀምር...»

«ዓምሃ፣ እኔ ጋቢና ስቀመጥ አንተ የት ነህ?»

«ከኋላ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። አንቺ በደንብ እንድታዪ ብዬ እኮ ነው።»

ሙሉ ዓይኗን ወደ ውሃው መለሰች። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ሮሐን አርግዤ ሥራ ቦታህ የመጣሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል?»

እንዴት አይለው! ዓምሃ ካሉት ቀኖች ሁሉ የሚወደው ቀን ነው። ለስንቱ ሰው አውርቶታል። ሚስቱ አገር አቋርጣ መጥታ፣ መገንጠያው ላይ ግራር ሥር ተቀምጣ፣ ባሏ ያንን የሚያህል መኪና ሲያገላብጥ ስታይ ዋለች። ባለፈ ቁጥር ጥሩምባ ይነፋላታል፣ እጁን ያውለበልብላታል። ያን ቀን ንጉሥ ነበር።

«ትዝ ይለኛል እንጂ። ጥሩ ቀን ነበር» አለ።

«ለአንተ ጥሩ ቀን ነበር?» ዞራ አየችው። «ከአውቶብስ ወርጄ እግሬ አብጦ ቆሜ፣ ሞተሩን እንኳን ሳታጠፋ ‹ሰው መጫን ክልክል ነው፣ የሠራተኛ መኪና ማታ ይመጣል› ብለኸኝ ሄድክ።»

«ክልክል ነበር እኮ፣ ሙሉዬ። ያባርሩኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። ጫነኝ አላልኩህም። ስትመላለስ ዋልክ፤ ስትመጣ እጅህን ታውለበልባለህ፣ ስትሄድ እጅህን ታውለበልባለህ። እኔ አሁን ወርዶ ትንሽ አጠገቤ ይቀመጣል እያልኩ እጠብቃለሁ። ምሳ ሰዓት እንኳን ደርሶ አለፈ። ጨለመ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን እንደዚያ ሆኜ ነው የጨረስኩት፤ አንተ እያለፍክ፣ እኔ ዳር ተቀምጬ።»

ያ ዓምሃ የሚመካበት ቀን ከእጁ ላይ ተሰብሮ ወደቀ። አፈረ። ክልክሉን እንጂ ግራሩን፣ ጥላውን፣ ከጎኗ የነበረውን ባዶ ድንጋይ አንድም ቀን አስቦት አያውቅም።

«ውሃ አሳየኝ ብዬህ አላውቅም» አለች ሙሉ። ድምጿ ቁጣ የለበትም፤ ያ ደግሞ ባሰበት። «አሁንም እኔን ከፊት ለውሃው ሰጥተህ፣ አንተ ከኋላ ሆነህ ‹አየሽ፣ አየሽ› ልትለኝ ነው። ያ እጅ ከማውለብለብ በምን ይለያል?»

ዓምሃ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰው።

«ሁለታችንም ከኋላ ብንቀመጥስ?»

«ልጄን እንደ ታክሲ ሹፌር ብቻዋን ከፊት ትተን?»

«ትቀየመን። አንቺ አትቀየሚኝ እንጂ።»

«ውሃውስ? በየት በኩል ሊሆን ነው?»

«እኔ እንጃ» አለ ዓምሃ። እውነቱን ነው፣ ድንገት ግድ አልሰጠውም።

ጉዲና በቆሎውን ይዞ ተመለሰና እንደ ልማዱ የጋቢናውን በር ለሙሉ ከፈተላት። እሷ አልፋው ሄዳ የኋላውን በር ከፍታ ገባች። ዓምሃ ዞሮ በወዲያ በኩል ገባ። ጉዲና አንዴ ባዶውን ጋቢና፣ አንዴ በመስታወቱ ሽማግሌዎቹን አየና፣ አስተዋይ ልጅ ነው፣ ምንም ሳይል መኪናውን አዞረ።

ሲመለሱ ውሃው በዓምሃ በኩል ሆነ። ሙሉ ለማየት ወደ እሱ ማዘንበል ነበረባት፤ ትከሻዋ ደረቱ ላይ አረፈ። ዓምሃ እንዳትነሳበት ብሎ አልተንቀሳቀሰም። ውሃው አልቆ የባሕር ዛፉ ጫካ ሲተካ እሷ ከዚያ አልተነሳችም።

«ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» አለች።

ዓምሃ ሰዓቱን በቃሉ ያውቀዋል። እጇን ይዞ ነገራት።