ባሕር ያየው ወሰኔ

በ2008 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ ገበሬው ሥራውን ትቶ ስለ ባሕር እንዲማር ተጠራ። ትምህርቱ በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሕዝብ የተዘጋጀ ነበር፤ ግን መንዝን ማን ጠይቆት ያውቃል? ስብሰባ ተደረገ መባሉ በቂ ነው። ውርጭ ገብሱን የፈጀበት ሁሉ የእርዳታ ወሬ እሰማለሁ ብሎ መጥቶ፣ ግድግዳው ላይ የተወጠረውን የባሕር ሥዕል ሲያይ እርስ በርሱ ተያየ።

ወሰኔ ሳቁ መጣበት። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ባሕርን በዓይኑ ያየ እሱ ብቻ ነው፤ በደርግ ጊዜ ወታደር ሆኖ ምጽዋ ዘምቷል። ስለዚህ ፊት ለፊት፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ።

አሠልጣኙ ሙሉቀን ከከተማ የተላከ ጎልማሳ ነው። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ብርድ የማይችል ሰው ስለ ዓለም መሞቅ ሊያስተምር! ወሰኔ ገና አፉን ሳይከፍት ናቀው።

«የፋብሪካና የመኪና ጭስ ምድርን አሞቃት» አለ ሙሉቀን። «ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። በየብስ ላይ የተከመረ፣ ተራራ የሚያህል በረዶ ያለባቸው አገሮችም አሉ፤ እሱ እየቀለጠ ባሕር ይገባል። ስለዚህ ባሕሩ ከፍ ይላል፣ ዳርቻውን ይበላል፣ የጉድጓዱን ውሃ ጨው ያደርገዋል።»

«መንዝ ሲደርስ ንገረን፤ በጎቻችንን ይዘን ጓሳ ተራራ እንወጣለን!» አለ ወሰኔ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ሙሉቀን ሳይቆጣ ቀጠለ። ይህ ደግሞ ወሰኔን ይበልጥ አናደደው፤ ሲነኩት የማይቆጣ ወንድ እሱ ዘንድ ወንድ አይደለም። «ከጓሳ የጋራ መሬታችን ያለ ጊዜው ሣር ያጨደ በዱላ ይባረራል። የጭሱን ባለቤቶችስ ማን ይዳኛቸዋል? እኛን ከምትሰበስብ እነሱን አትሰበስብም?» አለ ወሰኔ።

«እውነትዎን ነው» አለ ሙሉቀን።

«እኔ ምጽዋ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ባሕር ይመጣል፣ ይመለሳል። ማንንም ሲበላ አላየሁም» ብሎ ወሰኔ ነገሩን ዘጋ።

ከሴቶቹ ወገን እማማ ጌታነሽ በኩራት ተመለከቱት። ልጃቸው ምንይሉ ከወሰኔ ጋር ዘምቶ እዚያው ቀርቷል። ወሰኔ ሲመለስ «ማርያም ቅጥር ውስጥ፣ ካህን ፈትቶት ቀበርኩት» ብሎ ነግሯቸዋል። ያን ቃል ይዘው ሃያ ስድስት ዓመት ተጽናንተዋል። ከኤርትራ ጋር ሰላም ወርዶ ድንበሩ ሲከፈት አፅሙን አስፈልሰው በደብራቸው ማሳረፍ ነው ምኞታቸው።

ሙሉቀን ሌላ ሥዕል አወጣ። በባሕር ዳርቻ ያለ መቃብር ነው፤ ውሃው አፈሩን ሸርሽሮት መስቀሉ ወድቋል፣ አጥንት ከአሸዋው ወጥቶ ይታያል።

«ወሰኔ» አሉ እማማ ጌታነሽ፣ «ያ ማርያም ከባሕሩ ይርቃል?»

ይርቃል ማለት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት። ቅድም እንደዚያ ሲለፈልፍ የነበረው አፍ ግን ተያዘ። ያኔ ካህን ቀርቶ አካፋ እንኳ አልነበረም። ጥይት እየዘነበ በመዳፉ አሸዋ ጭሮ ምንይሉን ሸፈነው፤ ከዚያም ሮጠ።

«ማርያም አይደለም፣ እማማ። አሸዋው ላይ ነው የቀበርኩት። ከውሃው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ካህንም አልነበረም።»

እማማ ጌታነሽ አላለቀሱም፣ አልተሳደቡም። ወሰኔን እንደሌለ ቆጥረው ወደ ሙሉቀን ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ አንተ የተማርክ ነህ። በሃያ ስድስት ዓመት ሠላሳ እርምጃ ደርሶ ይሆን?»

አልደረሰም በላቸው፤ ዋሽ፤ ምን አለበት! ወሰኔ ያን የናቀውን ሰው በልቡ ለመነው።

ሙሉቀን ኮፍያውን አወለቀ። «እማማ፣ በየዓመቱ የሚጨምረው የአንዲት ገብስ ፍሬ ውፍረት ቢሆን ነው። ግን ማዕበል ሲነሳ ሠላሳ እርምጃ ምንም አይደለም። ደርሶ ሊሆን ይችላል።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀመጡ። «ምንይሉ!» ብለው ጮኹ። ሴቶቹም ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ከበቧቸው። ወሰኔ ሊያስተዛዝን ተነሳ፤ መንገድ የለቀቀለት ግን አልነበረም።