ሰማያዊ የሆነው በርሜል

"እማማ፣ ይምጡና ይዩት! እንዴት ያለ ሰማያዊ ሆነ!" አለ ቲሎ፣ ማማሰያውን እያንጠባጠበ።

ወይዘሮ ሮስቪታ በበርሜሉ ላይ አጎነበሱ፤ ፊታቸውም ተለወጠ። እንደ ሊጥ የሚቦካው የቅጠል ቀለም ጤነኛ ሲሆን ቢጫ አረንጓዴ ነው፤ የተነከረው ጨርቅ ሰማያዊ የሚሆነው ወጥቶ ነፋስ ሲያገኘው ነው። በርሜሉ ራሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን ነፋስ ገብቶበታልና ቀለሙ ጨርቅ ላይ አይዝም።

"እንዴት አድርገህ ነው ያማሰልከው?"

"በደንብ ነዋ! አረፋ እስኪወጣው።"

"የድንች ሾርባ መሰለህ እንዴ፣ አንተ ሰው?"

ቲሎ የልጃቸው ባል ነው፤ የትራም ሹፌርነቱን ትቶ ወደ አማቱ የጨርቅ ነከራ ሥራ ከገባ ገና ወሩ ነው። በጀርመኗ ከተማ በኤርፉርት፣ በድንጋዩ ድልድይ ላይ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሱቆች የሚሰጡት፣ እዚያው በእጁ ሠርቶ ለሚሸጥ ብቻ ነው። ጎረቤታቸው አሻንጉሊት ጠራቢው አርጅቶ ሲለቅ፣ ወይዘሮ ሮስቪታ ክፍሉን ለልጃቸውና ለቲሎ ጠየቁ። አንድ ሻማ ሠሪም ጠይቋል። የቤቶቹ ኃላፊ አቶ ብሬም ሥራውን ሊያዩ የሚመጡት ዛሬ ረፋድ ነው።

ቲሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ትናንት የነከርነውን ሰማያዊ ሻርፕ በአቶ ብሬም ፊት እንደገና ነክሬ ላውጣው። ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ።"

በዚህ መካከል አንድ አገር ጎብኚ አንገቱን በበሩ አስገባ። "ይቅርታ፣ ድልድዩ የት ነው?"

"ቆመውበታል፣ ጌታዬ። ወንዙን ቤቶቹ ጋርደውብዎት ነው፤" አሉ ወይዘሮ ሮስቪታ።

ከጎብኚው ኋላ አቶ ብሬም እየሳቁ ገቡ።

ወይዘሮ ሮስቪታ ሳይቸኩሉ አንድ ነጭ ጨርቅ ነክረው አወጡ። ሰማያዊ መሰለ። በንጹሕ ውሃ ሲያለቀልቁት ግን ተመልሶ ነጣ።

"ዛሬ አይሠራም። ነፋስ ገብቶበታል፤ በፍሩሽካና በሙቀት እንቀሰቅሰዋለን። ሐሙስ ቢመለሱ ያዩታል፤" አሉ።

"የሻማ ሠሪው ምድጃ ግን ዛሬም ይሠራል፤" አሉ አቶ ብሬም።

"ሻማ እንደ ቀለም አያኮርፍማ!" አሉ ወይዘሮ ሮስቪታ።

አቶ ብሬም ፈገግታቸውን ዋጥ አደረጉ። "ነፋሱን ማን አስገባው?"

"እኔ ነኝ፤" አለ ቲሎ አንገቱን ደፍቶ።

"እንግዲያው በአዲሱ ክፍል የሚነክረው ማነው?"

ከወለሉ በታች የወንዙ ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ሮስቪታ "እኔ" ቢሉ ነገሩ ባለቀ ነበር፤ በድልድዩ ላይ ሙያቸውን የሚጠራጠር አልነበረም። ማማሰያውን አንሥተው በሽርጣቸው በዝግታ ጠረጉ።

"እሱ ነው፤" አሉ። "ቀለሙን ምን እንደሚገድለው ከዛሬ ወዲያ አይረሳውም።"

ከዚያም ማማሰያውን በቲሎ እጅ አኖሩ።

"በል፣ ፍሩሽካውን ጨምር። የተኛ ሕፃን እንደምታገላብጥ አድርገህ አማስል።"