የአቶ ቶኩጂ ጣት

አቶ ያሃጊ ቶኩጂ ሠላሳ ስምንት ዓመት ባቡር ነድተው፣ አንድም ቀን ሳይዘገዩ፣ አንድም ሰው ሳይጎዱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ምስጢሩን ለጠየቃቸው ሁሉ የቀኝ እጃቸውን አመልካች ጣት ያሳያሉ። በእኛ አገር የባቡር ነጂ የሚያየውን ነገር ሁሉ በጣቱ ጠቁሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራል። መብራቱን ጠቁሞ «አረንጓዴ፣ ልክ ነው» ይላል፤ በሩን ጠቁሞ «ተዘግቷል፣ ልክ ነው» ይላል። ዓይን ቢዘነጋ ጆሮ ይሰማዋል ተብሎ ነው።

አቶ ቶኩጂ ታዲያ ጡረታ ከወጡም በኋላ ይህን ልማድ አልተዉትም። ከቤት በወጡ ቁጥር በር ላይ ቀጥ ብለው ይቆሙና ጋዙን፣ ውኃውን፣ መስኮቱን፣ መብራቱን አንድ በአንድ እየጠቆሙ ይጠራሉ። መጨረሻ ላይ «ኤሲ፣ ጠፍቷል፣ ልክ ነው» ብለው በሩን ይቆልፋሉ። የሚያስቀን ይቺ የመጨረሻዋ ነበረች፤ ያ የአየር ማቀዝቀዣ በርቶ አያውቅማ። ሚስታቸው ሱሚዬ በሕይወት ሳለች ጉልበቴን ይቆረጥመኛል ስለምትል አይነካም ነበር። እሷ ካረፈች አምስት ዓመት ሆኗታል፤ እሳቸው ግን በከተማችን በታጂሚ ሐምሌ፣ አስፋልቱ ጫማ በሚይዝበት ወቅት፣ እግራቸውን ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጥለው በማራገቢያ ይታገላሉ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሂቢኖ፣ አንድ ቀን ተቀቅለው እናገኝዎታለን እያለች ትተርባቸው ነበር።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሺዮሪ የምትባል። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ናጎያ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች፤ አላገባችም። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ የሚያወሩት ጠፍቷቸው፣ በስልክ ሲገናኙ «ትበላለህ?» «እበላለሁ።» «ሞቀ?» «ሞቀ።» ተባብለው ይዘጉ ነበር። ሐምሌ በገባ በሁለተኛው እሑድ ግን ሺዮሪ አንድ ትልቅ የሽቦ ቤት ተሸክማ ላብ በላብ ሆና መጣች። በሽቦው ውስጥ ከሙጭልጭላ ወገን የሆነ፣ ቀጭንና ረጅም፣ ቡናማ እንስሳ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ፌሬት ነው። ስሙንም ጎቦ ብላዋለች፤ ጎቦ ማለት እኛ ቀቅለን የምንበላው ረጅም ሥራሥር ነው፣ መልኩም ቁርጥ እሱን ነው።

ስለ ራሷ የተናገረችው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቷል፣ ሆስፒታል ገብታ ምርመራው ሲያልቅ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል። ስለ ጎቦ ግን አንድ ደብተር ሙሉ ጽፋ አምጥታለች። ምግቡ በሞቀ ውኃ ይርሳል። በቀን ሁለት ጊዜ ከሽቦ ቤቱ ይወጣል፤ ሲወጣ ካልሲ ይሰርቃል፣ አትቆጣው። ከቁምሳጥኑ ኋላ ያለውን ቀዳዳ ድፈን። ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከሃያ አምስት ዲግሪ በላይ ሙቀት አይችልም የሚል ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«ኤሲው ቀንም ሌሊትም አይጠፋም» አለች።

«ሌሊትም?»

«ሌሊትም። አንተ ቤት ባትኖርም። አባዬ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ግድ የለኝም፣ ይቺን ብቻ።»

«እናትሽ እኮ ጉልበቷን…»

«እማዬ የለችም፣ አባዬ።»

አቶ ቶኩጂ ሪሞቱን አነሡ። ኤሲው በራ። የዚያን ዕለት ሌሊት በሐምሌ ሙቀት የብርድ ወራቱን ወፍራም ብርድ ልብስ አውጥተው ተከናንበው ተኙ።

በማግስቱ ጎቦን ለመዳበስ እጃቸውን ሲሰዱ አውራ ጣታቸውን ነክሶ ዘለዘለው። እንስሳ አሳድገው የማያውቁት ሰው ክው አሉ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሽቦ ቤቱ ሲጠጉ ከመሳቢያ ያወጡትን ነጭ የነጂነት ጓንት ሳያጠልቁ አይሆንም። ምግቡን በጓንት፣ ውኃውን በጓንት፣ ኩሱንም በጓንት። ሺዮሪ በየቀኑ ፎቶ እንዲልኩላት ጠይቃ ስለነበር፣ ግማሽ ጅራትና አንድ ነጭ ጓንት ያለበት የተንጋደደ ፎቶ ያነሡና ያለ አንዲት ቃል ይልካሉ።

በአራተኛው ቀን ጎቦ ሞተ ብለው ሊያብዱ ደረሱ። ቢጠሩት ዝም፣ ቢነቀንቁት ዝም፣ ከነጓንታቸው ቢያነሡት እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ሆስፒታል ደወሉና በተሰባበረ ድምፅ «ሺዮሪ፣ ይቅር በይኝ፣ ጎቦ…» አሉ። ሺዮሪ ተረጋግታ አፍንጫው አጠገብ ትንሽ ማር እንዲያደርጉ ነገረቻቸው። አደረጉ። ጎቦ አንድ ዓይኑን ከፈተ፣ ማሩን ላሰ፣ አዛጋ፣ ተመልሶ ተኛ። የፌሬት እንቅልፍ እንዲህ ነው፤ ደብተሩ ላይ ሰባተኛው ገጽ ተጽፎ ነበር፣ አቶ ቶኩጂ አልደረሱበትም እንጂ። ሺዮሪ በስልኩ ውስጥ እስኪያስላት ሳቀች። አቶ ቶኩጂ ልጃቸው ስትስቅ የሰሙበትን ጊዜ አያስታውሱትም፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ ቆመው ቀሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ትደውል ጀመር። ዛሬ ምን ሰረቀ? ዘለለ? አንተንስ ለመደህ? አቶ ቶኩጂም ዘርዝረው ያወሩላታል፤ ካልሲውን ከቁምሳጥን ሥር እንዴት እንደጎለጎሉ፣ ሲደሰት እንዴት በጎኑ እየዘለለ ግድግዳ እንደሚገጭ። አንድ ማታ ሺዮሪ «ሲያደነዝዙኝ እሱን ነው የማስበው» አለቻቸው። «ቤት የሚጠብቀኝ አለ ብዬ።» አቶ ቶኩጂ እኔስ አልጠብቅሽም ወይ ሊሉ ፈልገው ነበር፤ አላሉም። ይህን እንስሳ ግን ደህና አድርገው ማስረከብ እንዳለባቸው ያን ጊዜ ገባቸው።

ቀዶ ጥገናው ለሐሙስ ተቀጠረ። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከሆስፒታሉ ተደወለ። ሐኪሙ ለቤተሰብ ማስረዳት የሚፈልገው ነገር አለ፣ በፊርማ ፈንታ የሚያሳርፉትን ማኅተም ይዘው እስከ አምስት ሰዓት ይድረሱ ተባሉ። ምን ነገር ነው ቢሉ ነርሷ አልነገረቻቸውም። ለሱሚዬ ቀብር የለበሱትን ሙሉ ልብስ ለበሱ፣ ሌላ የላቸውም። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አስቀምጠው ሁለት ጊዜ ፈለጉት። ባቡሩ ሊደርስ አሥራ አራት ደቂቃ ሲቀረው በር ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጣታቸውን አንሥተው ጠሩና፣ በሩን ቆልፈው ሮጡ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይናገራል። እብጠቱ ከታሰበው ትንሽ ሰፍቷል፣ የሚቆረጠውም ይሰፋል። አቶ ቶኩጂ ግማሹ ገባቸው፣ ግማሹ አልገባቸውም፤ አምስት ቦታ ላይ ማኅተማቸውን አሳረፉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ክፍል ገቡ። ሺዮሪ ፊቷ ነጥቷል፤ አባቷን በቀብር ልብስ ስታይ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ጎቦስ? ኤሲው በርቷል?»

«ጠቁሜ፣ ጠርቼ ነው የወጣሁት።»

ልጅ ሳለች አባቷ መንገድ ላይ ጣታቸውን ሲቀስሩ በኀፍረት ከኋላቸው ትቀር ነበር። አሁን ግን «እንግዲያስ ጨረስን» ብላ ራሷን ትራሱ ላይ ጣለች። ዓይኗንም ጨፈነች።

ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው ከፊተኛው ፉርጎ ገብተው፣ ከነጂው ክፍል መስታወት ኋላ ቆሙ። ነጂው ልጅ እግር ነው። ከኮዞጂ ጣቢያ ሲነሡ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ጣቱን ወደ ምልክቱ ቀሰረና አፉ ተንቀሳቀሰ። አቶ ቶኩጂም ከንፈራቸው አብሮት «ልክ ነው» አለ። ያን ጊዜ የጠዋቱ ድምፃቸው ጆሯቸው ውስጥ ተሰማ። ጋዝ፣ ተዘግቷል። ውኃ፣ ተዘግቷል። መስኮት፣ ተዘግቷል። መብራት፣ ጠፍቷል። ኤሲ፣

የኤሲውን ማጥፊያ ሲጫኑት፣ አረንጓዴዋ መብራት ድርግም ስትል፣ ጣታቸውን ሲቀስሩባት፣ ሁሉም ወለል ብሎ ታያቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ያዳኑበት ጣት ነው። የቤቱ ቁልፍ ያለው እሳቸው ኪስ ውስጥ ብቻ ነው፤ መስኮቶቹ ሁሉ፣ ለዚያውም ተጠቁሞባቸው፣ ተቆልፈዋል። ባቡሩ በሰዓቱ ነበር የሚሄደው፣ አንዲት ደቂቃ አላጓደለም። አቶ ቶኩጂ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የነጂውን መስታወት ደብድበው «ፍጠን» ሊሉ አማራቸው። ዋሻ ውስጥ ሲገቡ መስታወቱ ላይ የራሳቸውን ፊት አዩና ዞር አሉ።

ቤት ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በሩን ሲከፍቱ ሙቀቱ ፊታቸውን መታቸው። ሽቦው ላይ የተንጠለጠለው ቴርሞሜትር ሠላሳ ዘጠኝ ይላል። ጎቦ ከኤሲው በኩል ያለውን ጥግ ይዞ፣ አፍንጫውን በሽቦው መሐል አውጥቶ ተዘርግቷል። የውኃ ጠርሙሱ ባዶ ነው።

ኤሲውን አበሩ። እርጥብ ፎጣ አመጡ፣ ማራገቢያ አመጡ፣ ማር አመጡና አፍንጫው ላይ ቀቡ። «ያ እንቅልፍህ ይሁን» አሉት። «እባክህ፣ ያ እንቅልፍህ ይሁን።» ማሩ እንዳለ ቀረ። አንድ ሰዓት ያህል ተንበርክከው ጠበቁ። ጓንት ማጥለቁን ረስተው ነበርና በባዶ እጃቸው ጀርባውን ሲዳብሱት፣ ለካ እንዲህ ልስልስ ያለ ነው አሉ በልባቸው። የዚያን ጊዜ አለቀሱ።

ማታ ሺዮሪ ጻፈች። ነገ በሦስት ሰዓት ያስገቡኛል፣ ጎቦን አሳየኝ የሚል ነበር። አቶ ቶኩጂ ጽሑፉን እያዩ ብዙ ቆዩ። እውነቱን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ጀምረው አጠፉት፤ ነገ ቀዶ ጥገና ሊደረግላት ነው፣ ቤት የሚጠብቀኝ አለ ብላ ነው የምትገባው። ጎቦን በሚወደው የጨርቅ አልጋ ላይ ጥቅልል አድርገው አስተኙት፣ እንዳይንሸራተት በግራ እጃቸው ያዙት፣ በቀኛቸው ፎቶ አነሡት። «ተኝቷል» ብለው ላኩ። መልሱ ቆየ። በመጨረሻ «ይተኛ። አንተም ተኛ፣ አባዬ» የሚል መጣ። አመነችኝ ብለው ተነፈሱ፤ እፎይታው ራሱ አሳፈራቸው።

በቀዶ ጥገናው ዕለት ለስድስት ሰዓት ያህል የሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ደህና ወጣች። ስትነቃ ስለ ጎቦ አልጠየቀችም። መድኃኒቱ ነው ብለው አሰቡ። በማግስቱም አልጠየቀችም፣ በሦስተኛውም ቀን። አቶ ቶኩጂ እውነቱን በየቀኑ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ይዘው ይሄዳሉ፣ መልሰው ይዘውት ይመጣሉ። ጎቦን ኮረብታው ላይ ባለው ቤተ መቅደስ እንደ አገራችን ወግ አቃጥለውት፣ አመዱን በትንሽ ነጭ ማሰሮ ከሱሚዬ ፎቶ አጠገብ አስቀመጡት። ኤሲው ግን እንደበራ ነበር። ከቤት ሲወጡ መጠቆምም መጥራትም ትተዋል፤ ጣታቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው በሩን ይቆልፋሉ። ወይዘሮ ሂቢኖ ድምፃቸው ስለጠፋባት ታመሙ ወይ ብላ መጥታ ጠይቃቸዋለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሺዮሪ ከሆስፒታል ወጣች፤ እስክትጠነክር አባቷ ቤት ልትከርም ነው። በሩ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር ወጣ። ጫማዋን አውልቃ ገባችና ባዶውን የሽቦ ቤት አየች፣ ቀና ብላም የኤሲውን አረንጓዴ መብራት አየች። አቶ ቶኩጂ ከኋላዋ እንደቆሙ «ሺዮሪ፣ ጎቦ…» ብለው ጀመሩ።

«ረቡዕ ነው፣ አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«እጅህ። በዚያ ሁሉ ፎቶ ላይ ጓንት ያላጠለቅክበት አንድም የለም። በዚያኛው ባዶ እጅህን ጀርባው ላይ አድርገሃል።» የሽቦ ቤቱን በር ነካ አደረገች። «ይነክሰኛል ብለህ አልፈራህም።»

«ዐውቀሽ ነው እንግዲህ ተኛ ያልሽኝ?»

«አንተስ ዐውቀህ አይደል ተኝቷል ያልከኝ?»

አቶ ቶኩጂ ኮታቸውን እንደለበሱ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። «በዚህች ጣቴ ነው» አሉ። «ጠቁሜ፣ ጠርቼ አጠፋሁት።»

«ተናድጃለሁ» አለች ሺዮሪ። «ገና ብዙ እናደዳለሁ። ይቅር በይኝ እያልክ እንዳታስቸግረኝ።» ከዚያ ደረቷን በእጇ ደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ኤሲውን አጥፋው፣ አባዬ። ብርዱ ቁስሌን ይቆረጥመኛል።»

አቶ ቶኩጂ ሪሞቱን አነሡት። አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ አረፈ፣ ግን አልጫነውም። ሺዮሪ ጠበቀቻቸው፤ እንዳልቻሉ ስታይ ከእጃቸው ወሰደችና ራሷ ተጫነችው። አረንጓዴዋ መብራት ድርግም አለች። ባልተቆረጠው ጎኗ በኩል ያለውን እጅ አነሣች፣ ልጅ ሳለች በምታፍርበት በአባቷ አኳኋን ጣቷን ቀሰረች።

«ኤሲ፣ ጠፍቷል» አለችና ቀሪውን ለአባቷ ተወች።

አቶ ቶኩጂ አፋቸውን ከፈቱ። ልክ ነው ማለት ግን አልቻሉም። ሺዮሪ አላስገደደቻቸውም፤ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች፣ ሙቀቱ ገባ፣ ሁለቱም ላብ እስኪያጠምቃቸው ድረስ ባዶው የሽቦ ቤት አጠገብ ተቀምጠው ቆዩ።