የሀሰኖ ቦርጭ

ሰይዳ ባሏን ሦስት ወር ሙሉ ጎመን አበላችው።

ነገሩ የጀመረው ሱሉልታ ገበያ ዳር ቅመማ ቅመም የሚነግደው ሀሰኖ መነጽር ሊያሠራ የሄደ ዕለት ነው። ባለሙያው ለካውና፣ «የዓይንዎ ግፊት ትንሽ ከፍ ብሏል። ዓይን የሚያጠፋው ግላኮማ እንዳይሆን በሦስት ወር ውስጥ ሆስፒታል ይታዩ» አለው። ሰይዳ ወሬውን ስትሰማ የባሏን ዓይን ትታ ሆዱን አየች።

«ግፊቱ የሚነሳው ከዚህ ነው!» አለች ቦርጩን በጣቷ ጠቅ አድርጋ።

እሷ ከሠርጓ ወዲህ አንድ ኪሎ አልጨመረችም፤ ይህንንም ሳትናገር ከሰው ቤት አትነሳም። በማግስቱ ቅቤው ከቤት ወጣ፣ ስኳሩ ተቆለፈበት። ሀሰኖ ጠዋት ጎመን፣ ማታ ጎመን፣ አርብ ደግሞ ለጁምዓ ክብር ሲባል ቆስጣ በላ። ደንበኞቹ «አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ሀሰኖ? ደህና ነዎት? አሞዎት ነው እንዴ?» ይሉት ጀመር። ዐሥራ አንድ ኪሎ ቀነሰ።

ቀኑ ሲደርስ ሰይዳ ራሷ አዲስ አበባ ሆስፒታል ይዛው ሄደች። የዓይን ሐኪሟ ዶክተር ዕድላዊት መርምራ ስትጨርስ፣ «ግፊትዎ ደህና ነው፤ የዓይን ነርቭዎም ጤነኛ ነው» አለችው።

«ጎመኑ ነው!» አለች ሰይዳ።

«ጎመን ጥሩ ነው፤ መቅጠናቸውም ለልብ፣ ለስኳር ይበጃል። የዓይን ግፊት ግን እንዲሁ በራሱም ከቀን ቀን ይለዋወጣል።»

ሀሰኖ የሦስት ወር ብሶቱን የሚወጣበት ቀዳዳ አገኘ። «ዶክተር፣ እስቲ እሷንም እዩልኝ። በግራዋ የመጣ ባጃጅ አይታያትም። ባለፈው ሳምንት የገዛ ሱቃችንን በር ገጭታ፣ ‹ይህን ማን እዚህ አቆመው?› አለች።»

«እኔን?» ሰይዳ ሳቀች። «እኔ እኮ አርባ ስምንት ኪሎ ነኝ!»

ለወጉ ያህል ተቀመጠች። ዶክተሯ ቀኙን ቶሎ አለፈችው፤ ግራው ላይ ቆየች።

«ከቤተሰብ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ?»

«አባቴ። እሱ ግን በእርጅና ነው። እንደ እኔ ቀጭን ነበር።»

«ግላኮማ ያለብዎት እርስዎ ነዎት» አለቻት ዶክተሯ ዝግ ብላ። «ቅጥነት አያስጥልም፤ እንዲያውም በጣም ቀጫጭን ሰዎች ላይ በርከት ይላል የሚሉ ጥናቶች አሉ። በግራ ዓይንዎ ያጡት አይመለስም። የቀረውን ግን ይህ ጠብታ ያቆይልዎታል፤ በየቀኑ፣ ሳያቋርጡ።»

«ከምግብስ ምን ልተው?»

«ምንም። ጠብታውን ብቻ አይተዉ። እህት ወንድሞችዎንም ያስመርምሩ።»

ሀሰኖ በመልሱ መንገድ የሚላትን ከብዙ ሳምንት ጀምሮ አዘጋጅቶ ነበር። ታክሲ ውስጥ ግን ያችን ትንሽ ብልቃጥ በሁለት እጇ ጨብጣ ሲያያት ተወው። ከዚያን ቀን ወዲህ መግሪብ ሰግዶ ሲገባ ጠብታውን የሚያደርግላት እሱ ነው፤ እሷ ስታደርገው ጉንጯ ላይ ነው የሚያርፈው።

በሳምንቱ ሰይዳ ጫንጮ ላለችው እህቷ ለሚንሃ ደወለች። ሁሉንም ነገረቻትና፣ «ነይ እንሂድ፣ ተመርመሪ» አለቻት።

«እኔ ምን ሆኜ?» አለች ሚንሃ። «እንደ ባልሽ ቦርጭ አለኝ እንዴ?»

ሰይዳ ስልኩን እንደያዘች ዞር ብላ ባሏን አየችው። ሀሰኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ» አለች ሰይዳ። «ለብሰሽ ጠብቂኝ።»