የማይተላለፍ

«ፊትሽን ወደዚያ አዙሪ፣ ልጄ» አሉ አቶ ገብረመድህን፣ ፎጣውን አፋቸው ላይ እንደያዙ።

ተጂቱ ፊቷን አላዞረችም። ግራ ክንዳቸውን ቀና አድርጋ በሞቀ ውሃ የነከረችውን ጨርቅ ከብብታቸው እስከ ጎናቸው አወረደችው። አጥንታቸው ከቀን ወደ ቀን ወደ ቆዳቸው እየቀረበ መጥቷል። ሽማግሌው ትንፋሻቸው እንዳያገኛት ራሳቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ሳሉ ሲነሳባቸው ፎጣውን በሁለት እጃቸው አፈኑትና ትከሻቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ሲያልፍላቸው አጣጥፈው ትራሳቸው ስር ከተቱት።

«እነዚህ ፈረንጆች ጥንቃቄ የሚባል ነገር አያውቁም» አሉ። «አፋቸውን ሳይሸፍኑ ነው የሚገቡት። አንቺ እንኳ የአገር ልጅ ነሽ፣ ነገሩን ታውቂዋለሽ። ቤት ሰው ይኖርሻል፤ ተጠንቀቂ።»

ተጂቱ ቤት የሚጠብቃት ሰው የለም። «እሺ አባባ» ብላ ሌላውን ክንዳቸውን አነሳች።

ሥራዋ ይኸው ነው። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ፣ ሙቀት መለካት፣ አልጋ ማንጠፍ። ስዊድኖቹ ኡንደርሾተርስካ ይሏታል፤ በእኛ ረዳት ነርስ ማለት ነው። መቀለድ ሳትተው በፊት «ስሙ ረጅም፣ ደመወዙ አጭር» ትል ነበር። ሐረርጌ እያለች በአንዲት የገጠር ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ነበረች፤ መርፌ ትወጋለች፣ ቁስል ትሰፋለች፣ ታዋልዳለች፣ ገበሬው ሁሉ «ዶክተር» ይላታል። ስቶክሆልም ስትገባ ያ ሁሉ ሻንጣ ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ሆነ። እንደገና ተማረች፣ እንደገና ረዳት ሆነች፤ በዚያም ለመናደድ ጉልበት አላገኘችም። እዚህ ረዳት ስለ በሽታ አያወራም። ሕመምተኛ ሲጠይቅ «ሐኪሙን ይጠይቁ» ብሎ ትራስ ያስተካክላል።

ጊዜው የቅነሳ ጊዜ ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ስዊድን ገንዘብ አጥሯት በየሆስፒታሉ ሰው ይቀነስ ነበር። በስብሰባ ላይ ክፍሉ ወደፊት በነርሶች ብቻ እንደሚሠራ፣ ከረዳቶቹ ብዙዎቹ እንደሚሄዱ ሲነገር ከተጂቱ ጎን የተቀመጠችው ረዳት አለቀሰች። ተጂቱ መሀረብ አቀበለቻትና ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ትታው የመጣችውን ልብስ አሰበች። ምንም አልተሰማትም። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነች ታውቃለች፤ እሱንም ማሰብ ትታለች።

የአቶ ገብረመድህን ጥንቃቄ የመጣው በእሷ ስህተት ነው። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ሊነግራቸው በመጣበት ቀን የተቀጠረው አስተርጓሚ ታምሞ ቀረ። ሐኪሙ የሚጠብቁት ሰዎች ስለነበሩ ተጂቱን ከኮሪደር ጠራትና፣ ቋንቋውን የምትችል እስከሆነ ድረስ ጥቂት ነገር ብቻ እንድታስተረጉምለት ጠየቃት። «ይህ ሥራዬ አይደለም» ማለት ነበረባት። መከራከር ስለሰለቻት ብቻ «እሺ» አለች።

ሐኪሙ ሳንባቸው ላይ ካንሰር እንዳለ፣ ወደ ጉበታቸው እንደተዛመተ፣ ቀዶ ጥገና እንደማይሆን፣ ነገር ግን ስቃይ እንዳይኖርባቸው እንደሚደረግ ተናገረ። ተጂቱ ድሮ ትምህርት ቤት ካንሰር በአማርኛ ነቀርሳ እንደሚባል ተምራለች። ከአፏም የወጣው እንደተማረችው ነው።

«አባባ፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው ይላል።»

አቶ ገብረመድህን አንሶላውን ጨምድደው ይዘው ነበር። ለቀቁት።

«ተመስገን» አሉ። «እኔ እኮ የፈራሁት ያንን ክፉውን ነው፣ ስሙን የማይጠሩትን። የሳንባ ነቀርሳማ መድኃኒት አለው። ወንድሜ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ተኝቶ ድኗል።»

ተጂቱ ያኔ ነው የገባት። ነቀርሳ ብቻውን ሲሆን ካንሰር ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ሲባል ግን አገር የሚያውቀው ቲቢ ነው። አንድ ቃል ጨምራ በሽታውን ቀየረችባቸው። ልታርም አፏን ስትከፍት ሐኪሙ ምን እንዳሉ ጠየቃት። «እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ነው» አለችው በስዊድንኛ። ይህ ውሸት አልነበረም። ሐኪሙ በሽማግሌው እምነት ልቡ ተነክቶ እጃቸውን ጨበጠና ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደ።

ኮሪደሩ ላይ ልጃቸው ለምለም ቆማ ነበር። እሷ ቀደም ብላ እውነቱን ከሐኪሙ ስለሰማች ፊቷ በልቅሶ አብጧል። ተጂቱ የሆነውን ስትነግራት ትቆጣለች ብላ ነበር፤ ለምለም ግን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻት።

«እግዚአብሔር ነው በአፍሽ ያገባው» አለቻት። «እንደዚያው ይቅር፣ አደራሽን።»

ተጂቱም ዝም አለች። አገር ቤት ቢሆን እንዲህ ያለውን ነገር ለሕመምተኛው ማን ይነግራል? ደግሞም ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ነበር። የሚሰጣቸውን የሕመም ማስታገሻ የቲቢ መድኃኒት መስሏቸው ሰዓቱን ጠብቀው ይውጡታል፤ ወንድማቸው የባሰበት ክኒኑን ያቋረጠ ጊዜ እንደሆነ እየነገሩ ነርሷ ብትዘገይ ይቆጣሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ሰዓት የማያከብር ሰው አይወዱም። በረዶው ሲቀልጥ ድሬዳዋ ገብተው ቤታቸውን ቀለም ስለማስቀባት ያወራሉ።

የመጣው ጣጣ ሌላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ገብረመድህን ብርጭቋቸውን ለዩ፣ ማንኪያቸውን ለዩ፣ የበሉበትን ሳህን ሌላ ሰው እንዳይነካባቸው በወረቀት ጠቅልለው ማስቀመጥ ጀመሩ። ነርሶቹ ሽማግሌው አእምሯቸው ሳይደክም አልቀረም ብለው መዘገቡ። አንዷ ነርስ ምናልባት ባህላቸው ይሆናል ብላ ተጂቱን ጠይቃት ነበር፤ ተጂቱ «ይሆናል» ብላ አለፈች። ወንድማቸው መዳኑ እውነት ነው፤ ሳይታከም በፊት ግን በሽታው ትንሿን ልጁን ይዟት ሞታለች። ይህን ለተጂቱ የነገሯት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው።

ፌበን የለምለም ልጅ ናት፣ አምስት ዓመቷ ነው። አያቷ ከአገር ቤት ከመጡ ጀምሮ ሁስቢ በተባለው የስቶክሆልም ሰፈር ባለው ቤታቸው የምትተኛው ከእሳቸው ጋር ነበር። እሳቸው በአማርኛ ተረት ያወራሉ፣ እሷ በስዊድንኛ ትጠይቃለች፤ አንዱ ለሌላው ሳይመልስ ሁለቱንም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ተጂቱ ገላቸውን አድርቃ ሸሚዛቸውን ስትቆልፍ በሩ ተከፈተና ፌበን የበረዶ ቱታዋን ሳታወልቅ ገባች።

«ሙርፋር» አለች፤ ስዊድኖች የእናትን አባት እንዲህ ነው የሚጠሩት።

አቶ ገብረመድህን መዳፋቸውን ዘርግተው አስቆሟት። በሌላው እጃቸው ፎጣውን ከትራሳቸው ስር ይጎትታሉ።

«ለምለም፣ ልጅቷን አውጪልኝ» አሉ። «ሁለተኛ እንዳታመጫት።»

ልጅቷ አማርኛው ገብቷታል። ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ፣ ሙርፋር ከእንግዲህ አይወደኝም እንዴ ብላ በስዊድንኛ ጠየቀች። ለምለም እጇን ይዛ ወጣች። ተጂቱ የመጨረሻውን ቁልፍ ቆልፋ ሳፋዋን ይዛ ተከተለቻቸው።

ለምለም ልጇን ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ወንበር ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

«ልጄ ምን አደረገችው?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሳያያት እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። እኔ ለስንት ጊዜ ቪዛ ስለምን የኖርኩት ለዚህ ነው?»

«ትያዝብኛለች ብለው እኮ ነው። ቲቢ መስሏቸዋል፤ እኔ ባልኳቸው ነገር የተነሳ።»

ለምለም ግድግዳውን ተደገፈች። እስካሁን አባቷ በሕመም ብዛት የከፋቸው ይመስላት ነበር፤ ይህን አላሰበችም።

«ይነገራቸው፣ ለምለም» አለች ተጂቱ።

«አይሆንም። ከነተስፋው ይሙት። እሷ ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች።»

ተጂቱ እንዲህ ያለውን ደግነት ታውቀዋለች። አባቷ የሞቱ ጊዜ ስቶክሆልም ያሉት ዘመዶቿ «ብቻዋን ናት፣ ፈተና ላይ ናት» ብለው ደበቋት። በጋውና ክረምቱ አለፈ። አንድ እሑድ ማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሮግስቬድ ሰፈር ያለው ቤቷ መጥተው ሲያረዷት ተዝካሩ እንኳ ወጥቶ ነበር። በእነዚያ ወራት ሁሉ ለሞተ ሰው ሹራብ ትገዛ ነበር፤ በስልክ «አባዬስ?» ስትል «ደህና ነው» ይሏት ነበር። እንባዋን ጠበቀች፣ አልመጣም። አጣጥፈው የተቀመጡበት እግር እንደሚደነዝዘው ውስጧ ደንዝዞ ቀረ። ዘመዶቿን ይቅር አላለቻቸውም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ አሁንም ለለምለም አልተናገረችም። ሳፋውን ደፍታ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ሄደች።

የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ቢርጊታ ደግ ሴት ናት። ተጂቱ ስታስተረጉም እንደተሳሳተችና ሽማግሌው በሽታቸውን እንደማያውቁ ስትነግራት ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ስልኩን አንስታ ሌላ አስተርጓሚ ቀጠረች፤ የተገኘው ቀን ሐሙስ ነው።

«ዛሬ ገና ሰኞ ነው» አለች ተጂቱ። «ሐሙስ ድረስ ይቆያሉ?»

ቢርጊታ መነጽሯን አወለቀች።

«አላውቅም። አንቺ ግን ምንም እንዳትናገሪ። በሽታን መናገር የሐኪሙ ሥራ ነው፤ አንዴ ከቦታሽ ወጥተሽ የሆነውን አይተሻል። ደግሞ በዚህ ሰሞን ማን ይቀራል፣ ማን ይሄዳል እየተባለ ነው። እንድትቀሪ እፈልጋለሁ።»

ቢርጊታ ያለችው ሁሉ ትክክል ነበር። ተጂቱ በእሷ ወንበር ብትቀመጥ ይህንኑ ትል ነበር። አመስግናት ወጣች።

ፌበን ከተቀመጠችበት ወንበር ወርዳ ጠበቀቻት። እጄን በሳሙና ብታጠብስ፣ ሙርፋር ያስገባኛል ወይ ብላ በስዊድንኛ ጠየቀቻት። ተጂቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ብዙ ሞት አይታለች፤ አንዱም ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ይህ ጥያቄ ግን ደረቷ ስር ወጋት። ከስንት ጊዜ በኋላ ስለሆነ መጀመሪያ የሆድ ቁርጠት መሰላት። ልጅቷን እጅሽ ንጹሕ ነው አለቻትና ብቻዋን ወደ ክፍሉ ገባች። በሩን ዘጋች።

አቶ ገብረመድህን ፎጣቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ወደ ትራሳቸው ሰደዱ። ተጂቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘችው።

«አባባ፣ ያን ቀን ሐኪሙ ያለውን አበላሽቼ ነው የነገርኩዎት።»

«ግድ የለም፤ የሰው ቋንቋ ነው።»

«ስዊድንኛው አይደለም። የተበላሸው አማርኛው ነው።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አይዋት።

«በሽታዎ አይተላለፍም» አለች።

ዕድሜ ልካቸውን ትኬት ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የተሰጣቸውን ቃል አገላብጠው አዩት።

«የማይተላለፍ የሳንባ ነቀርሳ የለም» አሉ በመጨረሻ።

«የለም።»

«እንግዲያው ያኛው ነው።»

«ያኛው ነው፣ አባባ። ዝርዝሩን ሐሙስ ሐኪሙ በአስተርጓሚ ይነግርዎታል። እኔ ይህንንም መናገር አልነበረብኝም።»

አቶ ገብረመድህን ጣሪያውን እያዩ ቆዩ። አላለቀሱም። በመስኮቱ በኩል የበረዶ መጥረጊያ መኪና ድምፅ ይሰማል። ተጂቱ ፈራች፤ እጃቸው በእጇ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ተሰማት፣ መፍራቷም ተሰማት። የድሬዳዋውን ቤትና ቀለሙን የወሰደችባቸው እሷ ናት።

«ትንፋሼ ምንም አያደርጋትም?» አሉ።

«ምንም አያደርጋትም።»

«አብራኝ ብትተኛስ?»

«ብትተኛም።»

ረዘም ያለ ትንፋሽ አስወጡ፤ ከሐኪሙ ቃል ወዲህ አፋቸውን ሳይሸፍኑ፣ ፊታቸውንም ሳያዞሩ ሲተነፍሱ ተጂቱ ያየችው አሁን ነው።

«ለምለም ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ምስኪን። ብቻዋን ይዛው ነዋ የከረመችው።» እጇን ጠበቅ አደረጉት። «እንግዲህ ስሚኝ። እኔ ማወቄን አትንገሪያት። እንደማያውቅ ሆኜ እቆይላታለሁ፤ እሷም ደስ ይላታል። ልጅቷን ብቻ ጥሪልኝ። ለእናትየዋ የምትዪው ምክንያት አታጪም።»

«እሺ» የሚለው ቃል በልማድ ምላሷ ላይ መጣ። እንዲህ ከሆነ ልጅቷ ትገባለች፣ ለምለም አትከፋም፣ ቢርጊታም ምንም አትሰማም። ሁሉም ከሌላው እየደበቀ ይቆያል፤ እስከ ሐሙስ፣ ወይም ሐሙስ ሳይደርስ ሞት እስኪመጣ።

«አጥብዎታለሁ፣ አገላብጥዎታለሁ፣ በጠሩኝ ሰዓት እመጣለሁ» አለች። «ይህን ግን አልይዝልዎትም። እርስዎ ይንገሯት።»

«ጨካኝ ነሽ» አሉ አቶ ገብረመድህን። ቁጣ ግን አልነበረበትም፤ ትንሽ ቆይተው እጇን ለቀቁላት።

ተጂቱ ተነስታ በሩን ከፈተች። ለምለም ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን እንዳየች የሆነው ገባት።

«ምን አልሽው?»

«ግቢና እሳቸውን ጠይቂያቸው።»

ለምለም ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ፌበን ግን የትልልቆቹን ንግግር አልጠበቀችም፤ በተጂቱ ክንድ ስር ሾልካ ገባች።