የመናኸሪያዋ ድምፅ

«ኧረ ያን ሬዲዮ አጥፉት፤ ሰው ምን ይለናል?» አለች አክስትየዋ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ።

ልጅቱ የሻይ ብርጭቆ ከማለቅለቅ ቀና አላለችም። «ይሁን፣ አክስቴ። የእማዬ የራሷ ጣቢያ እኮ ነው። በገዛ ቤቷ እሱን ዘግተን የማንን ልንሰማ ነው?»

ከቀብሩ ወዲህ ጣቢያው የሰው ድምፅ የሌለበት ረጋ ያለ ሙዚቃ ብቻ ነበር የሚያሰማው። ከተማውን ማለዳ ማለዳ የምትቀሰቅሰው ሴት ሞታ፣ ወንበሯ ላይ የሚቀመጥ ጠፍቷል። ልጅቱ ለእናቷ ዜናና ማስታወቂያ ስታዘጋጅ ኖራለች እንጂ ማይክሮፎን ፊት ቀርባ አታውቅም።

ሳሎን ውስጥ ለቀስተኛው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሽማግሌው አናጺ ስለ ሟቿ ያወራል። ጣቢያው ያለው ከእሱ የእንጨት ሥራ ቤት በላይ፣ ፎቁ ላይ ነው።

«ቀይ አምፖል ከደጄ ሰቀለችና ‹ይሄ ሲበራ መጋዝ አቁም› አለችኝ። አንድ ቀን ረስቼው ዜና መሀል ጣውላ ስሰነጥቅ፣ ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹የምትሰሙት የጎረቤታችን መጋዝ ነው፤ አልጋ የምትፈልጉ ከታች አለ።› ትእዛዝ በዛብኝና እንቅልፍ አጣሁ።»

ሰዉ ሳቁን በመዳፉ ሸፈነ። ልጅቱም ሻዩን እያዞረች ፈገግ አለች። ከዚያ በፊት ያለውን ከእናቷ አፍ ሰምታዋለች። እናቷ በወጣትነቷ መናኸሪያ ውስጥ፣ በመስታወት በተከበበች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት በድምፅ ማጉያ ትናገር ነበር። አንድ ቀን ሹራቡን እያኘከ የሚያለቅስ ሕፃን አየችና መልኩን ነግራ እናቱን ጠራችለት። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የጠፋበትም ሰው የጠፋበትም ወደ እሷ ሆነ። በመጨረሻ አንድ ጫማ ነጋዴ ለምኗት የሱቁን ስም ብትጠራለት፣ አለቃዋ በዚያኑ ዕለት አባረራት። «ስለ መባረሬ አላዘንኩም» ትል ነበር፤ «ጫማው ተሸጦ ማለቁን ሰምቼ ነበራ።»

ድምፅ ማጉያውን የሚጠግነውን ሰው፣ ሁሉም «ሽቦ» የሚሉትን፣ አስከትላ ወጣች። የሬዲዮ ጣቢያ ፈቃድ ለማግኘት ያልረገጠችው ደጃፍ የለም። ሲፈቀድላት የፎቁን ግድግዳ በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍና ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ የአንድ ትልቅ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ ለልቅሶ መጣ። እንደ ወጉ «ያጽናችሁ» ብሎ ተቀመጠ፤ ሲወጣ ግን የልጅቱን ታላቅ ወንድም በረንዳው ላይ ያዘው። ትሪ ይዛ ስታልፍ ሰማችው።

«ጣቢያውን ብንገዛውም ስሙ አይቀየርም። ዝግጅቱ ብቻ ከዋናው መሥሪያ ቤታችን ይመጣል።»

ሰውዬው እንደሄደ ወንድሟ ወደ እናታቸው መኝታ ቤት ጠራት። ዓይኑ ቀልቷል።

«እንሽጥለት» አላት። «የእናታችንን ዕድሜ የበላው ይሄ ሥራ ነው። አንቺንም ይብላሽ?»

ክፋት እንደሌለበት ታውቃለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የሳሙና ፋብሪካው ጊዜ አንተ ለትምህርት ሩቅ ነበርክ» አለችው። «ጣቢያው ቆሞ የሚሄደው በእነሱ ማስታወቂያ ነበር። ልብስ አጣቢ ሴቶች በሳሙናው የተላጠ እጃቸውን ይዘው መጡ። እማዬ ፋብሪካው ድረስ ሄዳ ጠየቀች፤ ‹ዝም በይ፣ እንጀራሽ ነው› አሏት። በማግስቱ በዜና አነበበችው። እነሱም ማስታወቂያቸውን አነሱ።»

«አልነገረችኝም።»

«እንዳትጨነቅ ብላ ነዋ። አበቃልን ስንል ፀጉር አስተካካዩ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። ቀጥሎ ልብስ ሰፊው፣ ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ። ሁሉም እየከፈሉ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስታወቂያ አስነገሩ። ‹ከአንድ ዝሆን ብዙ ጉንዳን ይሻለኛል› አለች። አሁን ስሙ እዚህ ቀርቶ ድምፁ ከሌላ አገር ቢመጣ፣ የእነዚያን ሴቶች እጅ ማን ያያል?»

«ማንስ ያነባል? አንቺ እንደሆነ ማይክሮፎን ስታዪ ምላስሽ ይተሳሰራል።»

«ይፈታል።»

ወንድሟ ሳያስበው ሳቀ፤ ሳቁም መሀል ላይ ወደ እንባ ዞረበት። ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ፣ «ቢከስር እኔን እንዳትወቅሺ» አላት።

«አልወቅስህም። አንተ ብቻ ነገ ማልደህ ተነስና ስማኝ።»

ንጋት ላይ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ወደ ጣቢያው ወጣች። ሽበት የወረሰው ሽቦ ቀድሟት መሣሪያው ጋ ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ አለ።

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ማይክሮፎኑ ደረቷ ጋ ነበር። እናቷ አጭር ነበረች፤ እሷ ቁመት የወሰደችው ከአባቷ ነው። ሽቦ መጥቶ ማይክሮፎኑን ከፍ ሊያደርግላት እጁን ሰደደ።

«ተወው፣ ጋሼ» አለችው።

ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለችና፣ «እንደምን አደራችሁ» አለች።